ነጭ ሆኖ የረጋው ማር

ለእናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? የጉልበትሽ ቁርጥማት ተወሽ ወይስ ለእኔ ሲሆን ነው ደህና ነኝ የምትዪው? አባዬስ ሳሉ እንዴት ሆነለት? ትንሿ እህቴስ? እኔ እጄ በሳሙና ከመሰነጣጠቁ በቀር ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ምንም አላደረገኝም።

ትንሿን ለትዳር የጠየቃትን ሹፌር “አንቺ አይተሽው እሺ ካልሽ እሺ ነው” ብለሽ ነገሩን እኔ ላይ ጣልሽው። አየሁት። የላክሽውን የማር ጠርሙስ አስረክቦኝ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ጭነቱን አድርሶ ሲመለስ ብቅ እንደሚል ነግሮኝ ሄደ። አፉ ጣፋጭ ነው። አፉ የጣፈጠ ሰው ሲያመጣው ደግሞ ማሩ ያሳስበኛል።

አንቺ እንደ ዘይት ይፈሳል ያልሽኝ ማር መስኮቱ ሥር ሰንብቶ ነጭ ሆኖ ረጋ፤ ማንኪያ አልገባው አለ። መንገድ ላይ ግማሹን ሸጦ በስኳር ውሃ ሞልቶታል አልኩ በሆዴ። አብራኝ የምትሠራዋ ልብስ ተኳሽ “ንጹሕ ማርም ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፤ ቅመሺውና ተገላገዪ” አለችኝ። ሹፌሩ ሻይ ሲጠጣ ሲያስቃት ስላየሁ ምስክርነቷን አልተቀበልኩም። ምላስም ይሸነገላል፤ ስኳርም ይጣፍጣል።

በራሴ መንገድ መረመርኩት። በቢላ ጫፍ ቆንጥሬ ውሃ ውስጥ ስጥለው ሳይበተን እንደ ጠጠር ወደ ታች ወረደ። እኩል ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ በልብስ ሚዛኑ ሳስተያየው ማሩ በጣም ከበደ። የቀረው በሙቀት መፈተን ነበር። ያን ቀዝቃዛ ጠርሙስ እንዳለ አንሶላ ከሚዘፈዘፍበት የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት።

ጧ አለ። ብርድ የዋለ ጠርሙስ ድንገት ሲሞቅ እንደሚሰነጠቅ አጥቼው አይደለም፤ ጥርጣሬ አስቸኮለኝ። ማሩ ቀልጦ፣ ጠርቶ፣ ወርቅ መስሎ ወጣ፤ ግን በሰው አንሶላ ላይ። ተኳሿ “እንግዲህ አንሶላው ይመስክርለት” ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሹፌሩ ትናንት መጣ። “ማሩ እንዴት ነበር እትዬ?” አለኝ። ሳልቀምሰው፣ ግሩም ነው፣ አበባ አበባ ይላል አልኩት። እሱም “ሲቆረጥ ጭስ በዝቶበት ጭስ ጭስ ይል የለም? እናትዎ አቅምሰውኛል” አለ። ከዚያ ስለ መንገዱ ያወራልኝ ጀመር። ጠርሙሱ የት ገባ አላለም።

ማሩን እንዳልነካው አምኛለሁ። አሁን የከበደኝ ዝምታው ነው። የሰው ውሸት ይዞ ዝም የሚል አንድም አስተዳደጉ ነው፣ አንድም ለክፉ ቀን እያስቀመጠው ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ አልላክሁትም፤ በፖስታ ይቅደመው። ሲመጣ ስለ ማሩ ጠይቂው። “ደርሷል፣ ወደውታል” ብቻ ካለሽ የሰርጉን ቀን ቁረጡ፤ እሺ ብያለሁ። አንሶላ የሚል ቃል ካፉ ከወጣ ግን ተኳሿ ነግራዋለች ማለት ነውና ቀኑን ሳትቆርጡ ቶሎ ጻፊልኝ።

አባዬን ሳሚልኝ፤ ኪኒኑን ትራስ ሥር እንዳይደብቅ ተመልከቺው። የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ትንሿንም ሳሚያት፤ ይህን ግን አታንብቢላት።

ልጅሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጓዳ፣ ጥር 14 ቀን