ይውጣላት አለች

ጥቅምት 6
ዛሬም ጥቁር ሱሪ። የምነዳው አውቶቡስ ወንበር ላይ ፎጣ አጥፌ ተቀመጥኩበት። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ሞዴሱ ሞላ። የት ልውረድ? ቲኬት ቆራጯ አየችኝ፤ ጃኬቷን ወገቤ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

ማታ ለእህቴ ነገርኳት። እሷም እንዲህ ሲፈሳት ኖሮ ማህፀኗን ካስወጣች ቆይታለች። «አስወጥተሽ ተገላገይ» አለችኝ፣ ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል። የበሰበሰ ጥርስ አደረገችው።

ጥቅምት 9
ድልድዩ ላይ ዓይኔ ጭልም አለብኝ... እንደምንም ዳር አስይዤ አቆምኩ። ተሳፋሪው ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ፣ ለሴት መሪ የሰጠ ነው ጥፋተኛው አለ። ባንቀው ደስ ባለኝ፤ ጉልበቱ ከየት አባቱ ይምጣ።

ቁልቁለቱ ላይ ቢሆንስ ኖሮ? ያን ሁሉ ሰው ይዤ...

የስምሪት ኃላፊው ቁልፉን ተቀበለኝ። ሐኪም ሳያየኝ መሪ አልነካም።

ጥቅምት 13
እህቴ ሳልጠራት ተከትላኝ ሐኪም ቤት ገባች። ደሜ በጣም አንሷል። ማህፀኔ ውስጥ እጢ አለ፤ ክፉ ዓይነት አይመስልም አለች ዶክተሯ። ገና ሳትጨርስ እህቴ «ይውጣላት» አለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ።

ዶክተሯ ውጭ እንድትጠብቅ ነገረቻት። ከዚያ ለእኔ አስረዳችኝ። ለደም ማነሱ የብረት ኪኒን ከዛሬ ጀምሮ። መፍሰሱን የሚቀንስ እንክብል አለ። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕም አለ፣ የእኔ እጢ ግን ገፍቶ ሊያስወጣው ይችላል። ወይም ሆድ ሳይከፈት፣ በታች በኩል ገብተው እጢውን ብቻ ይቆርጡታል። ተመልሶ ሊበቅል እንደሚችልም አልደበቀችኝም። ማህፀን ማውጣትም አንድ መንገድ ነው፤ የሚሻላት ሴት አለች።

እጢውን ብቻ፣ አልኳት።

ለእህቴ መንገድ ላይ ነገርኳት። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ማን ሊያስረግዝሽ ነው የምታስቀምጪው?»

አርባ ሊሞላኝ ነው፤ አላገባሁም። የት ብትወጋኝ እንደሚያመኝ ታውቃለች።

ጥቅምት 14
አንድ ቤት፣ ሁለት ድስት።

ኅዳር 2
ነገ ነው። አስታማሚ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ። እህቴ ከጓዳ ሆና፣ የራስሽ ምርጫ ነው፣ ራስሽ ተወጪው ብላኛለች። ብሞት አልለምናትም። ቲኬት ቆራጯ ፈቃድ ወስዳ ትመጣለች። ባዳ ከእህት በለጠ?

ፈርቻለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም።

ኅዳር 4
ወጣ። ከሎሚ ያነሰ ነገር... ይሄ ነው ያን ሁሉ ሲያፈሰኝ የኖረው? ቤት ስገባ የክፍሌ ደጃፍ ላይ ሾርባ በፔርሙስ ተቀምጧል። አልነካሁትም። በኋላ ጠጣሁት። ጨው በዝቶበታል።

ጥር 16
የወር አበባዬ እንደ ሰው መጥቶ እንደ ሰው ሄደ። መሪ ከያዝኩ ሰነበትኩ።

ዛሬ እህቴ የገበያ ዘንቢሏን ይዛ ተሳፈረች። ሰላምታ የለ። ከኋላዬ ተቀመጠች። ቁልቁለቱን ስጀምር፣

«ፍሬኑን ቀስ አድርገሽ ያዢ» አለች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ።

«ከሹፌር ጋር መነጋገር ክልክል ነው።»

በመስታወቱ አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እኔም ይቅር አላልኳትም። የምትወርድበትን ገበያ ግን አልፈነዋል። አልወረደችም።