ቅቤ ቅቤ የሚለው ምሳ ዕቃ

ቦንጋ፣ መጋቢት 5 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ዘርትሁን፤

ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ደብረ ማርቆስስ ሁሉ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡም ጀምሯል።

ባለቤቴ ልዑልቃል እንደ ድሮው ምሳውን ቢሮ ነው የሚበላው። በምሳ ዕቃ እቋጥርለታለሁ። ባለፈው ሳምንት ባዶውን ስከፍተው ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ፤ ያውም በሁዳዴ። ስጠይቀው፣ «ፕላስቲኩ አርጅቶ ነው፤ የድሮ ሽታ ይዞ ቀርቷል፤ ቀይሪው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ ውስጡም በወጥ ቀልቷል።

አሮጌውን ለመጠን ይዤ ገበያ ወርጄ አዲስ ገዛሁ። የፕላስቲክ ነጋዴዋ ተሾመች አሮጌውን አሽትታ፣ «እትዬ፣ እናንተም እንደ እኛ ጴንጤ ሆናችሁ እንዴ? ይሄ እኮ የትናንት ቅቤ ነው!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

አዲሱም በሦስተኛው ቀን ቅቤ ቅቤ አለ። አጥቤ እንደገና ቋጠርኩለት። ትናንት ከሥራ ሲመለስ ባዶውን ሰጥቶኝ፣ «የዛሬው ሽሮሽ እንዴት ይጣፍጣል!» አለኝ። የቋጠርኩለት ግን ምስር ነበር።

ለፋሲካ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ልዑልቃል ሥራ ስለሚበዛበት እዚሁ ይቀራል። እስክንገናኝ ጤናሽን ያብዛልኝ።

እህትሽ ዕፀገነት