አማትብ፣ ያዝ፣ ተራመድ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ዛሬም አምስት አገጭ። ሦስቱ አብጠዋል፣ አንዱ ተሰንጥቋል፣ አምስተኛው ልጅ ምላሱንም ነክሷል። ሁሉም ከመዋኛ ገንዳው የመጡ ናቸው፤ እየተንቀጠቀጡ፣ እየሳቁ። እኔ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየነከርሁ ካንዱ ወዳንዱ እዞራለሁ። በረዶ የለንም። ሳቅ ግን ሞልቷል።

ማስታወሻዬ፣ ሌላ ሰው ቢያነብሽ አያምንም። ባሕር በሕልም እንኳ በማይታይበት አገር፣ ሞጣ ላይ፣ መርከበኛ እናሠለጥናለን። መርከብ ቢሰምጥ፣ ቢቃጠል፣ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ልጆቹ እዚህ ይማራሉ። የእኔ ድርሻ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ነው። ከቢቸና ጤ/ጣቢያ ከመጣሁ ሦስት ወሬ።

ዳይሬክተሩ አቶ ስንታየሁ ጠዋት ቢሮ ጠርተው አስታወሱኝ። የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ወር ያልቃል። ቋሚ ለመሆን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ አሠልጣኝ ሁሉ እንደ ሠልጣኝ ሰው የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ለብሶ ከመድረኩ ወደ ገንዳው መውረድ አለበት። የመድረኩ ቁመት ሁለት ሰው ያህላል። ቋሚ ከሆንሁ ግቢ ውስጥ ቤት ይሰጠኛል። ቤት ካገኘሁ ቃልኪዳንን አመጣለሁ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ቢቸና ከእናቴ ጋር ናት፣ በስልክ ነው የማሳድጋት።

ውሃ እፈራለሁ። እስከ ጉልበት ድረስ ጎበዝ ነኝ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ካፒቴን ከድር ተናደዋል። የውሃው አሠልጣኝ ናቸው፤ ድሬዳዋ ተወልደው ዕድሜያቸውን መርከብ ላይ የጨረሱ ሰው። እሳቸውም እንደ እኔ በክረምት ነው የመጡት። ትምህርታቸው አጭር ነው። አትዝለሉ፣ ተራመዱ። ግራ እጅ አፍና አፍንጫ ይይዛል፣ ቀኙ ጃኬቱን ወደ ታች ጭብጥ ያደርጋል። ካልተያዘ ጃኬቱ ውሃ ሲነካ ወደ ላይ ይስፈነጠርና አገጭ ይመታል።

ልጆቹ መድረኩ ላይ ሲቆሙ አያያዛቸው የተስተካከለ ነው። እግራቸው ከመድረኩ ሲለቅ ቀኝ እጅ አብሮ ይለቃል። ግራው አይደለም፣ ሁሌ ቀኙ። ካፒቴን ድንጋጤ ነው ይላሉ፤ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ግን በሌላ አገር አላየሁም ይላሉ።

የእኔ ክፍል ደህና ነው። ትንፋሽ መስጠት የምንለማመድበትን የፕላስቲክ ሰው ትንሣኤ ብለን ሰይመነዋል። ዛሬ አልነሣ እንዳለ የማብቂያው ደወል ተደወለ። ይበልጣል፣ ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ቆይቶ የመጣው ሠልጣኝ፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ጽፎ ወጣ። ዋና ኃላፊያችን ዋና አይችሉም፣ ዋና ነርሳችንም ዋና የላቸውም፣ ዋናው ነገር ታዲያ ምንድን ነው ይላል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ሆድ ባሰኝ። እውነቱን እኮ ነው።

ኅዳር 6፣ ዓርብ፣ 11፡00

ዓርብ ከሰዓት ውድድር አለን። ቀዝቃዛ ባሕር ላይ የሚለበስ ቀይ የጎማ ልብስ አለ፣ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ። በሁለት ደቂቃ ለብሶ መቆም። የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል። ዛሬ አቶ ስንታየሁ ካልሞከርሁ አሉ። ገቡበት። ዚፑ ተያዘ፣ አልወጣ አለ። በዚያው ሰዓት ከወረዳ እንግዶች መጡ። ስልካቸው ከውስጥ ይጮኻል፣ እጃቸው ጓንት ውስጥ ነው፣ ማንሣት አይችሉም። እንደ ቲማቲም ቀልተው በር ድረስ ሄደው ተቀበሏቸው። አንደኛው እንግዳ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ፤ የማዕረግ ልብስ መስሎት ይሆናል።

ጤ/ጣቢያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ስቄ አላውቅም። እ/ር ይመስገን፣ ሰው ከሚስቅበት ቦታ ጣለኝ። እናቴ ግን ብትሰማ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ትለኛለች።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ ቢቸና

መንገዱ ደህና ነው ስላሉ ትናንት መጣሁ። ቃልኪዳን አንድ ጥርሷ ወልቋል። ለእኔ ልታሳየኝ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ሲነቀል አልነበርሁም። ቤቱ መቼ ነው የሚሰጥሽ አለችኝ። በቅርቡ አልኋት። ምን እንደቀረኝ አልነገርኋትም።

አሁን ደግሞ ስሚኝ። ጠዋት ሦስታችን በባጃጅ ከገበያ ስንመለስ በቤ/ክ በር አለፍን። ባለባጃጁ ጎበዝ ነጂ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቀኝ እጁን ከመሪው ለቀቀና አማተበ። ነዳጁ በቀኝ እጅ ነው የሚሰጠው፤ ባጃጁ ተንገጫግጮ ሊቆም ደረሰ። እናቴም ዘንቢሏን ለቃ አማትባለች፤ ሽንኩርቱ እግሬ ላይ ተበተነ። ቃልኪዳንም። እኔም።

ቀኝ እጅ። ሽንኩርት እየለቀምሁ ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ ምን ነክቷት ነው ትላለች። የአምስቱ አገጭ ጉዳይ ድንጋጤ አልነበረም። ልጆቹ አየር ላይ እያማተቡ ነው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ለካፒቴን ነገርኋቸው። ቀጥሎ ልጆቹን ሰብስበው ጠየቁ። አንዱም አላስተዋለም፤ እጃችን ራሱ ነው የሚሄደው አሉ። ካፒቴን መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ።

ማማተብ ስንት ሴኮንድ ይፈጃል ብለው ጠየቁኝ። እንደ ሰውዬው እምነት አልኋቸው። ስድብ ወይ ክልከላ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልመጣም። እኔም ቢስሚላህ ሳልል አልወርድም፣ ግን መድረኩ ላይ ጨርሼ ነው አሉ። መመሪያው ላይ በእጃቸው ጨመሩበት፦ ሠልጣኝ ጸሎቱን መድረኩ ላይ ይጨርሳል። ትእዛዙም ተለወጠ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀረ። አማትብ፣ ያዝ፣ ተራመድ ሆነ። ሙስሊሞቹ ልጆች በመጀመሪያው ቃል የራሳቸውን ይላሉ።

ከሰዓት ሃያ ሰው ወረደ። አንድም አገጭ አልመጣልኝም። ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ካፒቴን በሰው ሁሉ ፊት ሲስተር ናት ያገኘችው አሉ። ለራሳቸው ማስቀረት ይችሉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠኝ እ/ርን አመሰግናለሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

የእሳት ደወል አስነሣኝ። በአንድ እግር ጫማ ወጣሁ። ሠልጣኞቹ ጃኬት ለብሰው፣ የውሃ ቱቦ ይዘው ተሰልፈዋል። ካፒቴን ደወሉን እየደበደቡ ናቸው። ከተማው በአራቱም ማዕዘን ይጨሳል።

ዘበኛው በእርጋታ ቀርበው አስረዷቸው። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፣ ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ካፒቴን ደወሉን እንደያዙ ቀሩ። ለካ ከተማ በሙሉ ተስማምቶ ይነዳል አሉ። ቀጥሎ ሰዓታቸውን አዩ። ልጆቹ ተሰልፈው ያለቁት እስከ ዛሬ ከተለማመድነው ሁሉ ፈጥነው ነው። ለመዝገብ ይሁን አሉ። ቁርስ ላይ ሁሉም እሳት አደጋ ካፒቴን ይላቸዋል፤ አብረው ይስቃሉ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ተራዬ ነበር።

ወጣሁ። አማተብሁ። ያዝሁ። እግሬ አልሄደም። እንደገና አማተብሁ። እንደገና። ይበልጣል ከታች ሲስተር ዳዊቱን ሙሉ ሊደግሙ ነው አለ፤ ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እግሬ ግን አልሄደም። ካፒቴን አላጣደፉኝም። ሃያ ደቂቃ ከጎኔ ቆሙ። በመጨረሻ በመሰላሉ ተመልሼ ወረድሁ።

ከዚያ በኋላ ማንም አላሾፈም። ይሄ ነው የባሰብኝ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

አቶ ስንታየሁ ጠሩኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። የውሃ ፈተና፦ ፈጽማለች። ፈርመውበታል፣ ማኅተም አለበት። ከላዩ የቤት ቁልፍ። አንቺ የምታስተምሪው ሕክምና ነው፣ ውሃው ለደንብ ያህል ነው፣ ልጅሽን አምጫት አሉኝ። ከልባቸው ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። አመስግኜ ወጣሁ። ቤቱን ከፍቼ አየሁት። ሁለት ክፍል፣ በስተምሥራቅ መስኮት። የቃልኪዳን አልጋ የቱ ጋ እንደሚሆን በእርምጃ ለካሁ።

ከሰዓት ክፍል ነበረኝ። ይበልጣል እጁን አወጣ። ቀልድ ጠበቅሁ። አልቀለደም። ልጁ በሚመጣው ሳምንት ሥልጠናውን ጨርሶ ይወጣል፣ ወደ መርከብ። ሲስተር፣ መርከቡ እየሰመጠ እግሬ እንቢ ቢለኝ ምን ላድርግ አለ። እርሳሶች ተነሥተዋል፣ መልሴን ሊጽፉ። እኔ ወደ ትንሣኤ ዞርሁና ስለ ትንፋሽ ማውራት ጀመርሁ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ፣ 8፡00

ወረቀቱንና ቁልፉን መለስሁ። አቶ ስንታየሁ ቅር አላቸው። ሥራ አጣሁ ማለት ሊሆን ይችላል አሉ። አውቃለሁ አልሁ። የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ አንድ ዕድል አለኝ፣ ሰኞ። ካልሆነልኝ ቢቸና፣ ጤ/ጣቢያ፣ የድሮው ወንበሬ። ሰኞ ልጆቹን አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን አይቼ አልወረድሁም ማለት ወይም መውረድ። ሌላ መንገድ የለም።

ለቃልኪዳን ደወልሁላት። ቤቱ ያልተሰጠኝ ስላልዘለልሁ ነው፣ ፈርቼ ነው አልኋት። እናት ለልጇ እንዲህ አትልም፤ እኔ ግን አልሁ። እሷም፦

«እና ዝለያ።»

ዝላይ አይደለም፣ መራመድ ነው አልኋት።

«ተራመጃ እንግዲያ።»

ስልኩን ለእናቴ ሰጥታ ልትጫወት ሄደች። እናቴ ስለት ልሳል ወይ አለች። ተሳይ አልኋት።

ኅዳር 23፣ ሰኞ፣ 5፡20፣ ሞጣ መናኸሪያ

ባጭሩ፦ ወረድሁ።

ልጆቹ በሙሉ ከገንዳው ዳር ነበሩ። ከመውጣቴ በፊት ለይበልጣል የሐሙሱን ጥያቄ መልስ አላውቀውም አልሁት፣ ስመለስ እነግርሃለሁ። መድረኩ ላይ ዛሬም መሰላሉን ዞሬ አየሁት። ካፒቴን በዝቅተኛ ድምፅ፣ እኔም እስከ ዛሬ እፈራለሁ፣ ፍርሃቱ እስኪሄድ ጠብቄ ወርጄ አላውቅም አሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አማተብሁ። ያዝሁ። እየፈራሁ ተራመድሁ።

ውሃው እንደፈራሁት ነው። ብርዱ፣ ጨለማው፣ ጆሮ ውስጥ መግባቱ። ከዚያ ግን ጃኬቱ ወደ ላይ ጎተተኝ። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ወጣሁ። ስወጣ የሰው ሁሉ ድምፅ ነበር። አገጬ ደህና ነው። አቶ ስንታየሁ ያንኑ ወረቀት ይዘው ገንዳው ዳር ቆመዋል፤ ጫማቸው ረጥቧል፣ ዓይናቸውም። ለይበልጣል እየፈራህ ተራመድ፣ ሌላ የለም አልሁት። ጻፈው።

ቃልኪዳንን ላመጣ የሁለት ቀን ፈቃድ ተሰጠኝ። ልብስ እስክቀይር ሚኒባሱ ያመልጠኛል ብዬ በእርጥብ ልብሴ ላይ ጋቢ ጣል አድርጌ ሮጥሁ። ከትምህርት ቤቷ መሸኛ ማውጣት፣ ልብሷን ማሰር፣ እናቴን ማባበል። ሦስተኛው ነው የሚከብደው። እሷንም አብራን እንድትመጣ እለምናታለሁ፣ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው።

ረዳቱ ቢቸና፣ ቢቸና ይላል። አንድ ሰው ነው የቀረው። ከጎኔ ያሉት እናት ከእግሬ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አይተው፣ ልጄ፣ በዚህ በኅዳር ከየት ዘነበብሽ አሉኝ። ልነግራቸው ነው። ከየት እንደምጀምር እንጃ፣ መኪናው ተነሣ፣ እጄም ከሳቁ የተነሣ ፊደሉን አልጽፍ አ…