አባዬ የሚቀመጥበት ካፌ

ማክሰኞ

ዛሬ ሁለት ካፌ በአባዬ ፈተና ወደቀ። የመጀመሪያው ማኪያቶው ምንም አይወጣለትም፣ ግን ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። አባዬ ጆሮውን ይዞ «እዚህ ሰው የሚመጣው ላለመነጋገር ነው?» አለኝ። ሁለተኛው ወንበሩ ዝቅ ያለ ሶፋ ነው። ሲቀመጥ ሶፋው ዋጠው፤ ሲነሳ አስተናጋጇና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን አወጣነው። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም።

ነገሩ ግን ለእኔ ቀልድ አይደለም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ደብረ ብርሃን ባለው ቤት ብቻውን ነው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት፤ በመጨረሻ እሺ ብሎ እኔ ወዳለሁበት ሶዶ መጣ። ግን እንደ ዳኛ ፈርዶ ነው የመጣው፦ «እስከ እሁድ አያለሁ። ጠዋት ወጥቼ የምቀመጥበት ካጣሁ በእሁዱ አውቶቡስ እመለሳለሁ።» ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉር እየቆረጠ ከሰው ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ጠዋት ሰው ካላየ ቀኑ አይነጋለትም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ነኝ። ከግድግዳ ጋር እንዲያወራ ቤት ዘግቼበት አልሄድም።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሥራዬ ካፌ ፍለጋ ነው። ሦስት ዓመት ሶዶ ስኖር ካፌ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ የማውቀው ዋይፋይ ያለበትን ብቻ ነው።

የእሱ መስፈርት፦
በረንዳ ያለው፣ መንገድ የሚያሳይ።
ማኪያቶው በብርጭቆ፣ ጠቆር ያለ።
መደገፊያ ያለው ወንበር።
«ሰው ያለበት።» ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው አላብራራልኝም።

ረቡዕ

ጾም መሆኑን ረስቼ በወተቱ የታወቀ ቤት ወሰድኩት! እኔ ራሴ ማኪያቶዬን ግማሽ ካደረስኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። አባዬ ሻይ አዘዘ፣ ወደ ብርጭቆዬ ብቻ አየት አደረገ። ከዚያ ይልቅ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ በእግራችን ወደ አሮጌው ገበያ ወረድን። ዳሞታ ደመና ውስጥ ነበር። «ይሄ ተራራ ፊቱን አያሳይም እንዴ?» አለ። «እንግዳ ይፈራል» አልኩት። ሳቀ! ከመጣ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። አንድ ፓስቲ ቤት ትኩስ ትኩሱን በላን፤ ግን መቀመጫ የለውም፣ ሰው ቆሞ በልቶ ነው የሚሄደው። ተሰረዘ።

ሐሙስ

አገኘሁ! ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ወንበሩ መደገፊያ ያለው፣ ማኪያቶው በብርጭቆ። አባዬ እስከ ታች ጠጣ። «እንዴት ነው?» ስለው «ጥሩ ነው» አለ፤ ግን እማዬ የገዛችለትን ሸሚዝ ሳይወደው «ጥሩ ነው» እንደሚለው ነበር።

የጎደለው «ሰው ያለበት» የሚለው መሆኑ ገባኝ። እሱንም ቢሆን ማስተካከል ይቻላል። ስንወጣ አስተናጋጇን ወደ ጎን ጠርቼ «ነገ አባቴ ሲመጣ በስሙ ጥሪው፣ ጋሽ ወርቁ በይው። ይቺን ጥግ ያዢለት። የእሱ እኩያ ሽማግሌ ካለም አጠገቡ አስቀምጪልኝ» አልኳት። ደስ ብሏት እሺ አለች። እኔም በራሴ ኮርቼ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ

ጉድ ሆንኩ።

ገና በረንዳው ላይ ከመውጣታችን ሦስት አስተናጋጆች በአንድ ድምፅ «ጋሽ ወርቁ! እንኳን ደህና መጡ!» አሉ። የቀረው አበባ ማበርከት ብቻ ነበር። ይባስ ብለው ጥግ ላይ ብቻቸውን ሻይ የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ከነብርጭቆአቸው አንስተው አባዬ አጠገብ አስቀመጧቸው። ሰውየው ግራ ገብቷቸው «ፈልገውኝ ነበር?» አሉት። አባዬ ይቅርታ ጠየቃቸውና ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ወዳጅም አዘዝሽልኝ? ከሻዩ ጋር?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላሁም። ተነስቶ ብቻውን ሄደ። እኔ ሥራ ገብቼ ሁለት ምንም ያላጠፉ ሰዎች ላይ ጮህኩ።

ራት ላይ ራሱ አወራ። ሲዞር ውሎ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ማርታ የምትባል ሴት ቤት ሻይ ጠጥቷል። ለዓመታት ባጠገቡ ሳልፍ ካፌ መሆኑን አላውቅም ነበር። በረንዳ የለውም። መንገድ አያሳይም። መቀመጫው አግዳሚ ነው፣ ምን መደገፊያ አለው!

«ታዲያ ምኑን ወደድከው?»

«ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ። ከዚያ ተጠጉልኝ።»

የእሁዱን ትኬት ግን ሲመለስ ቆርጦት መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ላየው አልፈልግም።

ቅዳሜ

ዛሬ አባዬ ጠፍቶብኝ ነበር።

እስከ ቀትር ተረኛ ነበርኩ። ቤት ስገባ አባዬ የለም። ስልኩ ቻርጀር ላይ ተሰክቷል። ማርታ ቤት ሮጥኩ፣ በሩ ዝግ ነው። ወድቆ ይሆን? ተቆጥቶ መናኸሪያ ሄዶ ይሆን? አጠገቡ ሙዝ የምትሸጠው ሴትዮ አየችኝና «ማርታ ወንድሟ አርፎ ነው። ለቀብር ቦዲቲ ሄደዋል፣ ደንበኞቹ በሙሉ» አለችኝ። «አንድ ረጅም ሽማግሌ አላየሽም?» ስላት «ያ አዲሱ አባባ? አብሯቸው ሄዷል እኮ!»

አባቴ፣ ሻይ የጠጣው አንድ ቀን፣ ቀብር ሄደ።

አመሻሽ ላይ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር። «ሰዎቹ መኪና ላይ ሲወጡ ምን ላድርግ?» አለኝ። «ትናንት ሻይዋን ጠጥቼ ዛሬ በሯ ላይ ቆሜ ልቅር?» ውሃ ጠጣ። «መዝሙራቸውን አላውቀውም። ጴንጤዎች ናቸው። ቃሉም በወላይትኛ ነው፣ አንዱም አልገባኝም። ግን አለቀስኩ። በእናትሽ ቀብር ያላለቀስኩትን ዛሬ አለቀስኩት።»

በእማዬ ቀብር አለማልቀሱን ያየሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እግርህን ላጥብህ አልኩት፤ እሺ አለኝ፣ ሌላ ጊዜ እሺ አይልም።

እሁድ

ሳይነጋ ተነስቼ ለመንገድ የሚሆን ዳቦና ሙዝ ቋጠርኩለት። አልቅሼ ላስቀረው አልፈልግም፣ «እስከ እሁድ» ማለቱን ለማክበር ቆርጫለሁ። ባጃጅ ጠራሁ፣ ሻንጣውን አነሳሁ። ከመኝታ ቤት ወጣና «አስቀምጪው» አለኝ። «ማርታ ቤት ድንኳን ተጥሏል። ሰው ሐዘን ላይ እያለ አይኬድም።»

የባጃጁን ሹፌር ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት። የቋጠርኩለትን ዳቦ ይዞ ለቅሶ ቤት ሄደ።

የቀረው ለማርታ ብሎ ነው ወይስ ለእኔ? ድንኳኑ ሲነሳስ? አልጠየቅኩትም፤ አፌን ይዤ ዋልኩ። ለእኔ ይሄ ትልቅ ድል ነው።

ሰኞ

ከሥራ ስመለስ አባዬ ከአቶ ቶማ ጋር ደጃፍ ተቀምጧል። አቶ ቶማ ዓርብ ዕለት አግዳሚው ላይ የተጠጉለት ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የወፍጮ ቤት መካኒክ። ሲያዩኝ ተነስተው በወላይትኛ ሰላምታ «ሳሮ፣ ልጄ» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«አባትሽን ድንኳን ውስጥ ጠየቅነው» አሉኝ። «እድርህ የት ነው አልነው። ደብረ ብርሃን ነው አለን። ሳቅን እኮ! ከዚያ ድረስ ድንኳን ማን ተሸክሞ ይመጣል? እስኪደርስ በዝናብ ያልቃል ሰው!» አባዬም አብሮ ይስቃል። እኔ ለመሳቅ ሞከርኩ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ገብቶ ተቀመጠ፣ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ቀና ሳይል «እዚህ ሰፈር ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ አለ?» አለኝ።

«አለ። ለምን?»

«ለእድራቸው። ሁለት ይፈልጋሉ።»

እኔ የፈለግኩለት ካፌ ነበር። እሱ የሚቀብሩትን ሰዎች መርጦ መጣ። ደስ ይበለኝ ልዘን አላወቅኩም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። «እማዬስ? መቃብሯ እኮ እዚያ ነው» አልኩት። ጫማውን አስተካክሎ አስቀመጠ። «ለሙት ዓመቷ አብረን እንሄዳለን» አለ። «ከዚያ አብረን እንመለሳለን።»

ያኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። እንደ ልጅነቴ ጭንቅላቴን ዳበስ አደረገኝ።

«ለፎቶ እኮ ነው ያልኩሽ» አለኝ። «ገና አልሞትኩም።»