የኦቦ ታፋ ጠመንጃ

ነቀምቴ

ውድ ልጄ ሩት፣

ጅማ እንዴት ይዛሻለች? እኔ በአምላክ ቸርነት ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ወንድምሽ ሕሩይ ባለፈው ማክሰኞ ከፖሊስ ባልደረቦቹ ጋር ገጠር ወርዶ የገበሬዎችን ጠመንጃ እንዲሰበስብ በቃል ታዞ ነበር። ኦቦ ታፋ የሚባሉ ሽማግሌ ፈቃዳቸውን አውጥተው አሳዩት። ሕሩይም አለቃውን፣ «ፈቃድ ያለውን መሣሪያ ያለ ጽሑፍ ትእዛዝና ያለ ደረሰኝ አልወስድም፤ ሕጉ አይፈቅድልኝም» አለው። አለቃው «የአስተማሪ ልጅ! አንተ ለእርሳስም ደረሰኝ ትጠይቃለህ» ብሎ ተሳለቀበት። እውነቱን ነው፤ ከቤታችን መጽሐፍ እንኳ ሳይፈረም አይወጣም ነበር።

ቅዳሜ ኦቦ ታፋ በቅል ማር ይዘው በባጃጅ መጡ። «ያ ኢልማ ኮ! ልጄ!» እያሉ ሕሩይን አቅፈው መረቁት። «ጠመንጃዬ እዚያው ግድግዳዬ ላይ ነው፤ አሁን ለአንተ ሚስት እንፈልግ!» ሲሉት እንዴት እንደሳቅን!

ትናንት ደግሞ ሕሩይ የራሱን ሽጉጥ እንዲያስረክብ ተጠየቀ። ለጥቂት ቀን ነው ተብሏል። እሱም ደረሰኝ ካልተጻፈልኝ ብሎ ቆሞ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶ ተሰጠው። ቀን መጻፍ ረስተው ነበር፤ አስሞላቸው። ኮራሁበት!

ነገ ጠዋት ለስብሰባ ወደ ዋናው መምሪያ ይሄዳል። ጫማውን እኔው ወልውዬለታለሁ። ሲመለስ ይደውልልሻልና ስልክሽን አትዝጊ።

የማር ድርሻሽን ከድኜ አስቀምጬልሻለሁ። የደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ጅማ ሩቅ ናት፤ እዚያ ድረስ መጥቶ የሚፈልገው አይኖርም።

ሰላምሽ ይብዛ።

አባትሽ አበጋዝ