ከገለምሶ የተነሣው ዜማ፦ የሙዚቃ መምህሩ የበርናባስ ገብረጻድቅ ሕይወት

መምህር በርናባስ ገብረጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ገብረጻድቅ ኃይሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ ወልዴ በ1956 ዓ.ም. በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ በዛሬዋ ጭሮ ተወለዱ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ሱቁን እንዲረከቧቸው ቢመኙም፣ መምህር በርናባስ ግን አዲስ አበባ ሄደው ቫዮሊን ተማሩ። ተመርቀው ወደ ጭሮ በመመለስም ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2016 ዓ.ም. ሙዚቃ አስተማሩ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓይናዲስ ተካ ጋር ጋብቻ መሥርተው ቤቴልንና ሩሐማን ወልደዋል።

በ2010 ዓ.ም. የሐረርጌን የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ታሪክ ለሚተርክ ፊልም ሙዚቃ እንዲደርሱ ተጠየቁ። ዜማ ፍለጋ ገለምሶ ሲሄዱ፣ አዴ ሀኒፋ የተባሉ አዛውንት እናት ከአባታቸው የሰሙትን የግመል ነጂዎች እንጉርጉሮ በኦሮምኛ አዜሙላቸው። አራት ድምፅ ብቻ ያላት ዜማ ነበረች። መምህር በርናባስ ሥራው ሲያልቅ አምጥተው ሊያሰሟቸው ቃል ገቡ።

የፊልሙ አዘጋጅ የፈለገው ከበሮና መለከት የሚያናውጠው ሙዚቃ ነበር። እርሳቸው ግን በአሥራ አንድ ባለ ክር መሣሪያዎችና በአንድ ዋሽንት፣ ያችኑ ዜማ ቀስ ብለው እየደጋገሙ፣ በመሐል ዝም እያሰኙ ሠሩት። «ሙዚቃው ሳሳ» ሲባሉ፣ «መንገዱ ረጅም ነው፤ ነጋዴው ሁልጊዜ አይዘፍንም» ብለው ጸኑ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። የፊልሙ ሙዚቃ እርሳቸው እንደሠሩት በአልበም ወጥቶ ይዘውት ገለምሶ ሲደርሱ፣ አዴ ሀኒፋ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ልጃቸው ኡሙልኸይር፣ «እናቴ ‹ያ ልጅ ዜማዬን የት አደረሰው?› እያለች ትጠይቅ ነበር» አለቻቸው።

«ያላለቀውን እንኳ ባሰማቸው ምን ነበረበት!» እያሉ እስከ መጨረሻው ተቆጩ። ከዚያ ወዲህ እስከ መቻራ እየተጓዙ የአዛውንትን ዜማ ሲቀዱ፣ ለባለ ዜማው መልሰው ሳያሰሙ ከደጁ አልተነሡም። ሁለተኛ አልበም ግን አልሠሩም።

መምህር በርናባስ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ገብሬን ትተው አልፈዋል። ገብሬ የወንድሙን አልበም ከዳር እስከ ዳር የሰማው ትናንት፣ ከአስከሬናቸው አጠገብ ተቀምጦ ነው። በሕይወት ሳሉ፣ «ሰማኸው ወይ?» ባሉት ቁጥር፣ «ጊዜ ሳገኝ» ይላቸው ነበር።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ እኛንም ሳንዘገይ የምንሰማ ያድርገን።