ሃያ አምስት ዓመት የዘገየ ደብዳቤ

እኔ ዳዱል ሮንጎንግ፣ የካሊምፖንግ ነዋሪ፣ ዕድሜዬ ስድሳ የሆነ፣ ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ያልከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ፣ ዛሬ እሑድ፣ በፈረንጆች ኦክቶበር 14 ቀን 1951፣ በገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ ካለው አልጋዬ ሆኜ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ጸሐፊዬ የፖስታ ቤቱ ሹም ፕራዳን ባቡ ናቸው። እኔ የምለውን ብቻ ሳይሆን በመካከል የሚገባውንም ቃል ሁሉ እንዲጽፉ አዝዣቸዋለሁ፤ ባለቤቴ ኪፑ ዝም ብላ እንደማትሰማ አውቃለሁና።

(“ገና ሳይጀምር እኔን አነሣ!” አለች ኪፑ። ተጽፏል።)

ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው ካፒቴን ፔልሃም፣ የወረዳችን የቀድሞ እንግሊዛዊ ሹም፣ መንግሥታቸው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ እርሳቸው ብቻ የቀሩ፣ እኔም ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ያገለገልኳቸው ናቸው። ሁለተኛው ቶብጌ ነው፤ የመንግሥት ደብዳቤ በእግሩ ያመላልስ የነበረ።

በመጀመሪያ፣ ይህ ቤት ከነብርቱካን ዛፎቹ የኪፑ ነው። ወንድሞቼ “ሴት ብቻዋን ምን ታደርግበታለች?” ይሉ ይሆናል። እኔ እያለሁ ምን ታደርግ እንደነበር ጠይቋት።

በሁለተኛ፣ ከምንጩ በታች ያለውን የሄል እርሻ ለልጄ ለፔምኪት ሰጥቻለሁ፤ ለባሏ ግን አይደለም። ሰውየው ደግ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን የነካው ተክል ሁሉ ይደርቃል። አጥሩን ይጠግን፣ ወደ ውስጥ አይግባ።

በሦስተኛ፣ የቋንቋችን መዝገበ ቃላት፣ በዳር በዳሩ እኔ ያረምኩበት ቅጂ፣ እርሷም አስተማሪ ናትና የፔምኪት ይሁን። በመጽሐፉ ላይ የታተመው የካፒቴኑ ስም ነው። በመቅድሙ ሁለቱን ፈረሶቻቸውን በየስማቸው ያመሰግናሉ፤ ከፈረሶቹ ቀጥሎ “ታማኙ ጸሐፊዬም” ይላል። በዚህ ተቀይሜ ኖሬአለሁ። አሁን ትቼዋለሁ፤ ፈረሶቹም ጥሩ ፈረሶች ነበሩ።

ልጄ ሆይ፣ ይህን መጽሐፍ ስታነቢ የምታፍሪበት ነገር አለና አስቀድሜ ልንገርሽ። ካፒቴኑ በዚህ ሸለቆ፣ ወዳጃቸው ሚስተር ዌልደን ከቲስታ ወንዝ ማዶ ባለው ሸለቆ ሹም ሆነው ሳሉ፣ ሁለቱም ቃላችንን እየለቀሙ በየሳምንቱ ይጻጻፉ ነበር። ካፒቴኑን የማስተምረው እኔ፣ ሚስተር ዌልደንን የምታስተምረው በአጎቷ ቤት ትኖር የነበረችው የያኔዋ ወጣት ኪፑ ነበረች። ለያንዳንዱ ቃል ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ይፈለግ ስለነበር “መጠበቅ” በሚለው ቃል ሥር ኪፑ እንዲህ ብላ ላከች፦ “ሐሙስ ዕለት በገመድ ድልድዩ ላይ ጠበቅኩህ፤ አልመጣህም።” እኔም በሚቀጥለው ሳምንት “ማነከስ” በሚለው ሥር መለስኩ፦ “በቅሎዬ አነከሰች እንጂ ወድጄ አልቀረሁም።” ካፒቴኑም ከግርጌ “የዚህ ሕዝብ አእምሮ ስለ ድልድይ አብዝቶ ያስባል” ብለው ጻፉ። ታትሞ ይገኛል።

በአራተኛ፣ የምናዘዘው ነገር በደል ነው።

ሁለቱ ሹማምንት በአንድ የጉም ቃል ተጣሉ። ካፒቴኑ “ከሸለቆ የሚወጣ ጉም ማለት ነው” አሉ። ሚስተር ዌልደን “ከተራራ የሚወርድ ነው” አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ተጻጻፉ። በ1926 ከዝናቡ በፊት የሚስተር ዌልደን ደብዳቤ መጣ። የካፒቴኑን ፖስታ ከፍቶ ማንበብ ሥራዬ ነበርና ከፈትኩት። የእርቅ ደብዳቤ ነበር።

ጠቡ ካለቀ ክርክሩ ያልቃል፤ ክርክሩ ካለቀ ደብዳቤው ይቀራል፤ ደብዳቤው ከቀረ ኪፑን በምን አገኛታለሁ? አጎቷ ለጋብቻችን ገና እሺ አላለም። ሦስት ሳምንት ላቆየው ብዬ ከኪሴ ከተትኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሚስተር ዌልደን በንዳድ ሞቱ። መርዶው ሲደርስ ካፒቴኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው “ተቀይሞኝ ሞተ” አሉ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። ያን ዕለት መናገር አቃተኝ፤ ከዚያ ወዲያማ እንዴት ብዬ? ይኸው፣ ከትራሴ ሥር ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ ጸሐፊው ፕራዳን በተናዛዡ ትእዛዝ እንደተባለው አሰፍራለሁ።

ኪፑ ብድግ አለች። “አንተ ሰውዬ! ሚስተር ዌልደን ሲጽፉት አጠገባቸው ነበርኩ። ደረሰ ወይ ብዬ ስጠይቅህ ቶብጌ ወንዝ ውስጥ ጣለው አላልከኝም? ለካፒቴኑ ብትነግሪ ከሥራ ይባረራል ብለህ አፌን አልዘጋኸውም?”

“እኔ?” አለ ቶብጌ። “እኔ አንድ ወረቀት ጥዬ አላውቅም! እትዬ ኪፑ፣ ለዚህ ነው እንዴ ሃያ አምስት ዓመት ቅራሪ የምታጠጪኝ?”

“ታዲያ ደብዳቤ ለሚጥል ሰው ጥሩውን ልቅዳለት?”

“እኔ ደግሞ የዚህ ቤት ዳጉሳ ጠላ እንዲህ ቀጭን ነው ብዬ አገሩን ሁሉ አማሁት!”

ካፒቴኑ ጆሯቸው ስለደከመ እኔ ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ “ወዳጄ ፔልሃም፣ ስለ ጉሙ ልክ አንተ ነህ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ወንዙ ሳይሞላ ና፣ ዓሣ እናጥምድ።”

ካፒቴኑ ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው “ዌልደን ተሳስቷል” አሉ።

“አዎን ጌታዬ፣ እርሳቸውም ያሉት ይህንኑ ነው” አለ ዳዱል።

“አይደለም። የተሳሳተው ልክ ነህ ሲለኝ ነው። ልክ እሱ ነበር። ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር፤ ጽፌለትም ነበር። አልላክሁትም እንጂ።”

“ለምን?” አለች ኪፑ።

“መጀመሪያ እሱ ይጻፍ ብዬ።”

ቶብጌ ራሱን ነቀነቀ። “ጌቶቼ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ጉም ውስጥ ሄጃለሁ። ይወጣልም፣ ይወርዳልም። ቃሉ እኮ መንገድ አይታይም ማለት ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም።”

ካፒቴኑ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያም ዓይናቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ዳዱል ከአልጋው ቀና ብሎ “ጌታዬ፣ ይማሩኝ” አለ።

“ሁለታችንም ደብዳቤ ደብቀናል፣ ዳዱል” አሉ። “አንተ ለሚስት ብለህ፣ እኔ ለኩራት ብዬ። ያንተ ይሻላል።”

“እኔንስ ይቅርታ የሚጠይቀኝ ማን ነው?” አለች ኪፑ።

“ኪፑ፣ ማሪኝ። አጎትሽ እንቢ ቢል እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው።”

“አጎቴ እንቢ ቢል ጠፍቼ እመጣልህ ነበር፤ ጓዜን ሁሉ ጠቅልዬ ነበር። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት፣ ሞኝ!” ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ጥሩውን ጠላ ይዛ ወጣች፤ አስቀድማም ለቶብጌ ቀዳችለት።

ዳዱል “ደብዳቤውን ለካፒቴኑ አወርሳለሁ” ሲል እኔ ጸሐፊው ምስክር የውርስ ተካፋይ መሆን እንደማይችል አስገነዘብኩ። እርሱም “ባቡ፣ ደብዳቤ ውርስ አይደለም፣ የባለቤቱ ነው። ዘግይቶ ደረሰ በሉ” አለኝ። ይኸው ብያለሁ።

ካፒቴኑም ንጹሕ ወረቀት ለምነውኝ መልስ ጻፉ፤ አጥፈውም ለቶብጌ ሰጡት። የሚስተር ዌልደን መቃብር ከወንዙ ማዶ የሁለት ቀን መንገድ ነው። “ጉልበቴ አልቋል፤ በበቅሎ ከሆነ እሺ” አለ ቶብጌ። ለእንዲህ ያለ አድራሻ ፖስታ ቤታችን ቴምብር የለውም፤ ስለዚህ ያለ ቴምብር አሳልፌዋለሁ።

ይህ ቃል ተነቦላቸው በሁለት ቅጂ ተፈርሟል።

ተናዛዥ፦ ዳዱል ሮንጎንግ፣ በእጁ ፈረመ።
ምስክር፦ ካፒቴን ፔልሃም፣ በእጃቸው ፈረሙ።
ምስክር፦ ቶብጌ፣ በአውራ ጣቱ። በሁለተኛው ቅጂ ላይ አሻራው የለም፤ ፊርማው ሳያልቅ በቅሎ ፍለጋ ወጥቷል።